ኤርሲዶ የሌለበት ጠብ

በየገበያው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየዕድሩ ከማንም ጋር የማይጣላ አንድ ሰው አይጠፋም። አገር ሁሉ «ሰላማዊ ሰው» ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ጠብ ሲነሳ የጫማ ማሰሪያው የሚፈታበት፣ ስልክ የሚደወልለት፣ ሽንቱ በድንገት የሚመጣበት ሰው ስለሆነ ነው። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉ እንደሆነ በዓይንህ ብትፈልገው አታገኘውም። ነገሩ ሲበርድ ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መሃላቸው ቁጭ ብሎ ሻይ ሲያማስል ታየዋለህ።

የጅማ መርካቶን በዚህ ረገድ ማንም ገበያ አይወዳደራትም፤ ምክንያቱም ኤርሲዶ አለላት። ኤርሲዶ ልብስ ሰፊ ነው። ከሀዲያ በወጣትነቱ መጥቶ፣ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ በዚያው በአንድ ሱቅ፣ በዚያው በአንድ የስፌት መኪና መርካቶን ሲያለብስ ኖሯል። ለገለልተኝነት ማዕረግ የሚሰጥ መንግሥት ቢኖር ኖሮ ዛሬ «ክቡር ባለሙሉ ሥልጣን ኤርሲዶ» ብለን በጠራነው ነበር። የሚታወቅበት አነጋገሩ «እኔ የለሁበትም» የምትለው ናት። ከገጠር ለመጡ ደንበኞቹ «አኒ ኬሳ ሂንጅሩ» ብሎ በኦሮምኛ ያቀርባታል፤ ዘመድ ሲመጣ በሀዲይኛ ይደግማታል። በሦስት ቋንቋ የሌለበት ሰው ማለት እሱ ነው።

አንድ ጊዜ ሁለት ደንበኞች «ይህ ሱሪ የኔ ነው፣ የኔ ነው» ተባብለው አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ሲሉ፣ ኤርሲዶ ሱሪውን ወደ ብርሃን አንስቶ «እንዴት ያለ ጥሩ ጨርቅ ነው» ብሎ አስቀመጠው። ከዚህ በላይ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሚስቱ ታቢታና እህቷ አቢጊያ የሳሎኑ ግድግዳ አረንጓዴ ይቀባ ወይስ ቢጫ በሚል ተከራክረው «እስቲ አንተ ፍረድ» አሉት። «ጨው ልግዛ» ብሎ ወጣ። አመሻሹ ላይ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ጨውስ?» አለችው ታቢታ።

«ሁለት ዓይነት ነበር» አላት፤ «መምረጥ ከበደኝ።»

እንዲህ ያለው ሰው ጓደኛ ባይኖረው ኖሮ ዕድሜውን በሰላም በጨረሰ ነበር። ነገር ግን ኤርሲዶ ሁለት ጓደኞች አሉት፤ ሁለቱም የሚናገሩ ናቸው።

አንደኛው አብዱልሰመድ ነው። የጨርቅ ሱቁ ከኤርሲዶ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ሰፊ ሰውነትና ሰፊ ሳቅ ያለው፣ አባቱም አያቱም እዚያው መርካቶ ጨርቅ ሲለኩ የኖሩ የጅማ ሰው ነው። ሁለተኛው የባጃጅ ሾፌሩ ፈለቀ ነው። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ባጃጁ ውስጥ ሲገባ ታጥፎ ነው። ሦስቱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ኤርሲዶ በረንዳ ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ተደርድረው ሻይ ይጠጣሉ። ፈለቀና አብዱልሰመድ ያወራሉ፤ ኤርሲዶ በመሃል ሆኖ ወደ ሁለቱም ራሱን ይነቀንቃል። እንዲህ ሲባባሉ ያረጁ ሰዎች ናቸው።

ጠቡ የመጣው በሰርግ ነው። የአብዱልሰመድ የወንድሙ ልጅ ጅብሪል ሰቃ ላይ ሲያገባ ሦስቱም አብረው ሄደው ነበር። ሩዙ ጥሩ ነበር፤ ድንኳኑም ይሞቃል። ሽማግሌዎቹ ሙሽራውን ሲመክሩ አብዱልሰመድ ማንኪያውን እንደያዘ፣ አፉን እንደከፈተ እንቅልፍ ወሰደው። ፈለቀ ስልኩን አወጣና ፎቶ አነሳው። በማግስቱ ፎቶውን የመርካቶ ጎረቤቶች ሁሉ ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ከሥሩም «ታላቁ ሽማግሌ ለሙሽራው ጥልቅ ምክር ሲለግሱ» ብሎ ጻፈበት።

መርካቶ ያን ቀን ሥራ አልሠራም።

አብዱልሰመድ ሲስቁበት የሚስቅ ሰው ነው፤ ይህ ግን ከሌላው ሁሉ የባሰበት ደንበኞቹ ነገሩን ወደ ሱቁ ይዘውበት በመግባታቸው ነው። «አቦ አብዱልሰመድ፣ ነቅተዋል? አንድ ሁለት ሜትር ፈልገን ነበር» ይሉታል። ማታውን የድምፅ መልእክት ቀድቶ ወደ ግሩፑ ላከ። ድምፁ የረጋ ነበር። «ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ፎቶ ያነሳው ሰው ፀጉሩ የተፈጥሮ ጥቁር የሚመስለው ካለ፣ ዝናብ ሲዘንብ አንገትጌውን አይቶ ይፍረድ። አላህ ሁላችንንም ከቀለም ይጠብቀን።»

ጅማ ዝናብ የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለቀ ተሳፋሪ ሁሉ መንገዱን ትቶ ከኋላ ሆኖ አንገትጌውን ያያል። ፈለቀ መጀመሪያ ኮሌታ የሌለው ሹራብ ለበሰ፤ ቀጥሎ ኮፍያ አደረገ። በመጨረሻም ባጃጁን ከበረንዳው ፊት አንስቶ ከገበያው ማዶ ማቆም ጀመረ። አግዳሚዋ ወንበር ባዶ ሆነች።

ኤርሲዶስ? ኤርሲዶማ ፎቶው የወጣ ዕለት ስልኩን ከፍቶ አይቶ ነበር። ከሳቀ ከፈለቀ ጋር ወገነ፤ ካልሳቀ ከአብዱልሰመድ ጋር ወገነ። ብዙ ካሰበበት በኋላ አንዲት አውራ ጣት ነክቶ ስልኩን ዘጋ። የድምፁ መልእክት ሲመጣም፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ፣ እሱም ላይ አንዲት አውራ ጣት አስቀመጠ። በሥራው ረክቶ ተኛ።

ጠዋት አብዱልሰመድ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ኤርሲዶ፣ እዚያ የኔ ፎቶ ላይ ያለችው አውራ ጣት ለማን ናት?»

«ለማንም አይደለችም።»

«እንዴት ለማንም አይደለችም? ወደ ላይ ነው የምታመለክተው። ለአየሩ ናት?»

«ለሰርጉ ናት» አለ ኤርሲዶ፤ «ሰርጉ ጥሩ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፈለቀ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ደፍቶ ከማዶ መጣና በድምፅ መልእክቱ ላይ ስላለችው አውራ ጣት ጠየቀው። ኤርሲዶ ያቺኛዋ ለ«አሰላሙ ዓለይኩም»ዋ ናት ብሎ አስረዳው። ሁለቱም አላመኑትም። እሱ ግን ሁለቱም እኩል ስላላመኑት ነገሩ የተስተካከለ መሰለው።

ከዚያ በኋላ የኤርሲዶ ኑሮ ከባድ ሆነ። ገለልተኝነት ከሩቅ ሲያዩት ዕረፍት ይመስላል፤ ለሚኖርበት ግን ከስፌት የበለጠ ያደክማል። ጠዋት አብዱልሰመድ ሱቅ ገብቶ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣና ሥራ አለብኝ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ማዶ ተሻግሮ የቀረውን ግማሽ ባጃጁ ውስጥ ከፈለቀ ጋር ይጠጣል። ፊቱ ወደ አንዱ ያዘነበለ እንዳይመስል የስፌት መኪናውን ወደ ግድግዳው አዞረው፤ ደንበኛ ሲመጣ ጀርባውን ነው የሚያገኘው። ማታ በሚጸልይበት ጊዜ እንኳ «ጌታ ሆይ፣ ሁለቱን ጓደኞቼን ባርካቸው፤ ማንን እንደምታስቀድም አንተ ታውቃለህ» ይል ነበር። ታቢታ ከጎኑ ሆና ይህን ስትሰማ ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር።

አንድ እሑድ ደግሞ ሁለቱም ለምሳ ጠሩት። እምቢ ማለት መወገን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር አብዱልሰመድ ቤት ሄዶ ሩዙን በላ፤ እንዳይታወቅበትም ሁለተኛ አስጨመረ። ከዚያ ቀበቶውን አላልቶ ፈለቀ ቤት ሄደና ሽሮውን በላ፤ እዚያም ሁለተኛ አስጨመረ። ወደ ቤቱ በእግሩ መሄድ አቅቶት የማያውቀው ሰው ባጃጅ ውስጥ ገብቶ እያቃሰተ ደረሰ።

«ምን ሆንክ?» አለች ታቢታ።

«ፍትሐዊ ሆንኩ» አላት።

ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን የአብዱልሰመድ ልጅ የሩፈይዳ ሰርግ እየደረሰ ነበር። ሩፈይዳ ከአንድ የሰቃ ልጅ፣ ከኡመይር ጋር ተጫጭታለች። ትንሽ ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት የሚያመላልሳት ፈለቀ ነበር፤ «የሰርግሽ ቀን ከአባትሽ ቤት የማወጣሽ በዚችው ባጃጅ ነው» እያለ ነው ያሳደጋት። ጠቡ ሳይነሳ በፊት አብዱልሰመድ ከሱቁ ካለው ሁሉ የሚያምረውን ግራጫ ጨርቅ መርጦ፣ ለራሱና ለፈለቀ ከአንድ ጣቃ አስቆርጦ፣ ለሰርጉ ኮት እንዲሰፋላቸው ለኤርሲዶ ሰጥቶት ነበር። ሁለቱ ኮቶች አሁን እጅጌያቸው በመርፌ ብቻ ተይዞ የሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ሊለካ የመጣ ግን የለም። ፈለቀ ሰርጉ ላይ አልተጠራም፤ ቢጠራም እንደማይሄድ ላገኘው ሁሉ ይናገራል።

አንድ ጠዋት ሩፈይዳ ራሷ መጣች። ኤርሲዶ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሲሰፋ ከጀርባው ቆመች።

«ጋሼ ኤርሲዶ፣ አባቴንና ጋሼ ፈለቀን ያነጋግሩልኝ።»

ኤርሲዶ መኪናውን ሳያቆም «ልጄ፣ እኔ እኮ የለሁበትም» አለ።

«እሺ፣ የሉበትም። ታዲያ እርስዎ የት ነዎት?»

የኤርሲዶ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ጥያቄው እንዲህ ሆኖ ተጠይቆ አያውቅም።

«አባቴ ምን እንደሚል ያውቃሉ?» አለች ሩፈይዳ፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፣ የደከማት ይመስል ነበር። «‹ኤርሲዶ ዝም ያለው በልቡ ከፈለቀ ጋር ስለሆነ ነው› ይላል። ጋሼ ፈለቀን ስጠይቀው ደግሞ ‹በልቡ ከአባትሽ ጋር ነው› አለኝ። እርስዎ ለሁለቱም ጓደኛ የሆኑ ይመስልዎታል። እነሱ ግን ሁለቱም እርስዎንም ጨምረው ነው ያጡት። እኔም ሰርጌ ላይ ሰው ጎደለብኝ።»

ይህን ብላ ሄደች። ኤርሲዶ ያን ቀን አንድ ሱሪ አሳጠረ፤ ሁለቱ እግሮች ግን እኩል አልመጡም። ማታ ለታቢታ ነገራት። ታቢታ የሰማችው እስከ መጨረሻው ነው።

«ልጅቷ ልክ ናት» አለችው።

«አንቺም ገባሽበት?»

«እኔ ከመጀመሪያው ገብቼበታለሁ። ያ ሰውዬ በዚህ ሙቀት ኮፍያ አድርጎ ሲዞር አላሳዘነህም?»

አሳዝኖታል። የአብዱልሰመድ ሱቅም ሳቅ የማይሰማባት ሆና ቀርታ አሳዝናዋለች። ነገር ግን ማዘንና መናገር ለኤርሲዶ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ስለዚህ እንደ ልማዱ፣ ሳይናገር የሚናገርበትን ዘዴ አሰበ። ለሁለቱም ለየብቻቸው «ኮትህ ደርሷል፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጥተህ ለካ» ብሎ ነገራቸው። አንዱ ስለሌላው አልጠየቀም፤ እሱም አልነገረም።

ሐሙስ የመርካቶ የገበያ ቀን ነው። ከገጠር የመጣው ሰው፣ በሬው፣ ጋሪው፣ ባጃጁ ሁሉ መንገዱን ሞልቶታል። ሰማዩ ጠቁሯል። አብዱልሰመድ ቀድሞ መጥቶ ከሱቁ ጥግ መስተዋቱ ፊት ቆመ። ወዲያው ፈለቀ ኮፍያውን እንዳደረገ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ገባና አብዱልሰመድን ሲያየው ቀጥ ብሎ ቀረ። ዞሮ ሊወጣ ሲል ኤርሲዶ፣ ሕይወቱን በሙሉ አድርጎት በማያውቀው ፍጥነት፣ ወደ በረንዳው ዘልሎ ወጣና የሱቁን የብረት መዝጊያ ከላይ ወደ ታች ሳበው። ሐሳቡ እስከ ወገብ አውርዶት ለማስቆም ነበር። መዝጊያው ግን አርጅቷል። ከእጁ አምልጦ እስከ መሬት ድረስ ወርዶ ተንኳኳና ነከሰ። ቢያነሳው አይነሳም፤ ቢገፋው አይገፋም።

ኤርሲዶ አሁንም እንደ ልማዱ የቆመው ጠቡ ከሌለበት በኩል ነበር።

ዝናቡ የዚያን ጊዜ ወረደ። የቆርቆሮው ጣሪያ እንዲህ ሲጮህ ከውስጥ የሚመጣ ድምፅ አይሰማም። ኤርሲዶ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፈ፤ ምንም የለም። ያን ጊዜ ትልቁ መቀስ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ትዝ አለው። የከሰል ካውያውም እንደጋለ ነው።

ዝናብ ሊጠለል በረንዳው ላይ የተኮለኮለው ሕዝብ «ምንድን ነው? ማን ነው ውስጥ?» እያለ ተጠጋ። ጫት ሻጮቹ መጡ፤ ቡና ጫኞቹ ማዳበሪያ እንደተሸከሙ ቆሙ። ኤርሲዶ ግን ማንንም አላየም። መዝጊያውን በሁለት እጁ እየደበደበ፣ መርካቶ ከእሱ ሰምታ በማታውቀው ድምፅ ተናገረ።

«ፈለቀ፣ ትሰማኛለህ? የተኛ ሰው ፎቶ አንስተህ መለጠፍህ የባለጌ ሥራ ነው። እኔ ሳየው ስቄያለሁ፤ ብስቅም የባለጌ ሥራ ነው። አብዱልሰመድ፣ አንተም ስማ። የሰው ፀጉር ምን አገባህ? አርባ ቀለም ቢቀባ በራሱ ጭንቅላት ነው። ሁለታችሁም አጥፍታችኋል፤ የልጅቷን ሰርግ ልታበላሹ ነው። እኔ ደግሞ ከሁለታችሁም እብሳለሁ፤ ቆሜ አያችኋለሁ። አንድ ሻይ ለሁለት እየከፈልኩ መጠጣት ሰልችቶኛል። ምሳ ሁለት ጊዜ መብላት ሰልችቶኛል። ከማንም ጋር አይደለሁም ያልኩት ውሸቴን ነው፤ ከሁለታችሁም ጋር ነኝ። መቀሱን አስቀምጡ።»

ዝናቡ ትንሽ ጋብ አለ። ከብረቱ ጀርባ የፈለቀ ድምፅ መጣ።

«አብዱልሰመድ፣ ይሄ የሚጮኸው ማነው?»

«ድምፁ የኤርሲዶን ይመስላል» አለ አብዱልሰመድ። «ግን ኤርሲዶ እንዲህ አይናገርም።»

«አይናገርም። ሌላ ሰው ይሆናል።»

ከዚያ መጀመሪያ የፈለቀ ቀጭን ሳቅ፣ ቀጥሎ የአብዱልሰመድ ሰፊው ሳቅ ተሰማ፤ መዝጊያው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ወሬ ጀመሩ፤ ወሬው ስለ ኤርሲዶ ነበር።

«ያን እሑድ ካንተ ቤት በልቶ ነው የመጣው?»

«ወላሂ ሁለተኛ አስጨምሯል። ሚስቴ ድስቱን ገልብጣለት ነበር።»

«እኔ ጋም አስጨመረ። የራበው መስሎኝ አዝኜለት ነበር እኮ።»

«የአውራ ጣቷንስ ነገር ጠየቅከው? ለሰርጉ ናት አለኝ።»

«ለሰላምታህ ናት ነው ያለኝ።»

ኤርሲዶ ውጭ ሆኖ ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ ስሙ ሲጠፋ ሰማ። አንድ ጊዜ «ሩዙ እኮ...» ብሎ ሊከላከል ጀምሮ ነበር፤ ተወው። ውስጥ ያሉት ሁለቱ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየጨረሰ ነበር፤ እንደ ድሮው። ፊቱ ረጥቦ ነበር፤ አንዲት ጫት ሻጭ ነጠላዋን ሰጠችው፤ ዝናብ ነው ብሎ ጠረገው።

ብረት በያጁ ሙሐመድሳኒ ዘንግ ይዞ መጥቶ መዝጊያውን እየፈለቀቀ ሲያነሳ ሕዝቡ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። መዝጊያው እስኪከፈት ሥራ አጥተው ኮታቸውን ሊለኩ አስበው ኖሮ፣ በጨለማው ውስጥ ተለዋውጠው ለብሰዋል። አብዱልሰመድ የፈለቀን ኮት ደረቱ ላይ በአንዲት ቁልፍ ብቻ በጭንቅ አገናኝቶታል፤ እጅጌው መዳፉን አልፎ ጣቶቹን ውጧል። ፈለቀ በአብዱልሰመድ ኮት ውስጥ እንደሚዋኝ ሰው ሆኗል፤ እጅጌው ግን ክንዱ ላይ ቀርቷል። ኮፍያውን አውልቆታል፤ ፀጉሩ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ነው፤ ግድ ያለው አይመስልም።

«ኤርሲዶ» አለ ፈለቀ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ዛሬ አፍ አውጥተሃል አሉ። እንግዲያው ፍረድ። ከሁለታችን በማን ላይ ያምራል?»

ጫት ሻጮቹ፣ ቡና ጫኞቹ፣ ሙሐመድሳኒ ከነዘንጉ፣ መርካቶ በሙሉ ወደ ኤርሲዶ ዞረ። ሁሉም የጫማው ማሰሪያ እስኪፈታ ጠበቀ። ኤርሲዶ አንዱን ከላይ እስከ ታች አየ፤ ሌላውንም እንዲሁ አየ። ጊዜ ወሰደበት፤ ሙያው ስለሆነ በጥንቃቄ አየ።

«በአብዱልሰመድ» አለ።

አብዱልሰመድ ደረቱን ሲነፋ ያቺው ቁልፍ ተስፈንጥራ ሄደች። የፈለቀ ፊት ወረደ።

«እኔስ?»

«አንተ ድንኳኑ የወደቀበት ምሰሶ መስለሃል።»

ሩፈይዳ ያገባች ዕለት ፈለቀ ባጃጁን በአበባ ሸፍኖ፣ የራሱን ኮት ለብሶ፣ ፀጉሩን እንዳለ ትቶ፣ ሙሽራዪቱን ከጊንጆ ጉዱሩ አወጣት። አብዱልሰመድ ከኋላ ሆኖ ሲመርቅ እስከ መጨረሻው ነቅቶ ነበር። በሁለቱ መካከል ምንም ቅሬታ አልቀረም። ኤርሲዶን ግን ፈለቀ አኩርፎት ነበር፤ ስለ ምሰሶዋ ነገር።

ኤርሲዶ በሕይወቱ ሰው አኩርፎት አያውቅም። በኩራት የሚያደርገውን አጣ። የማይጠይቁትን ደንበኞች ሁሉ «ፈለቀ እኮ አኩርፎኛል» ይላቸዋል፤ ሹመት እንዳገኘ ሰው ነው የሚናገረው። ታቢታ ዘመድ ዘንድ ስትደውል «ማኩረፉንም ንገሪያቸው» ብሎ ከጎኗ ያስታውሳታል። የስፌት መኪናውንም ወደ በሩ መልሶ አዞረው፤ ያኮረፈው ሰው በደንብ እንዲታየው ነው።

ፈለቀም ኩርፊያውን በታማኝነት ይዞታል። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ባጃጁን ያቆምና አግዳሚዋ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከአብዱልሰመድ ጋር እየተሳሳቀ ኤርሲዶን አያናግረውም። ኤርሲዶ ሥራውን ትቶ ሻዩን ይዞ ብቅ ሲል ግን ቃል ሳይናገር፣ ፊቱን ወደ ገበያው እንዳዞረ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ይለቅለታል።